ኃይለ ሚካኤል የሚባል እስረኛ

ደብረ ማርቆስ፣ ማክሰኞ ኅዳር 9 ቀን 2012 ዓ.ም.
ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት

ልጄ ሰገነት፣

እንደምን ሰነበትሽ ብዬ መጀመር ነበረብኝ፤ በደህና እንዳልሰነበትሽ ግን ብጣሽ ወረቀትሽ ነግራኛለች። ታዲዮስ አውቶቡሱን መናኸሪያ እንኳ ሳያስገባ በመስኮት አቀበለኝ። ገልጬ ሳነባት «ጋሼ እንዳላማው፣ ሙሉሰውን ፖሊስ ወሰደብኝ፣ ምን ላድርግ?» ትላለች። በቃ። ቀን የላት፣ ሰዓት የላት፣ ማን እንደወሰደው የላት። የሥነ ዜጋ አስተማሪ ናት እያልኩ ለሰው ሁሉ ስኩራራብሽ የኖርኩት ሰውዬ አፈርኩ።

ይቅር በይኝ። ስደነግጥ እቆጣለሁ፣ አመሌ ነው። ፊደሎችሽ ወዲያና ወዲህ ሲወላገዱ ሳይ እንደደነገጥሽ ገብቶኛል። ሙሉሰው ለአንቺ ወንድምሽ ነው፣ ለእኔ የክርስትና ልጄ ነው። የወለድኩት የለኝም፤ ያለኝ እሱ ነው።

«ስልክ ለምን አያነሡም?» ብለሽ እንደነበር ታዲዮስ ነገረኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ፍርድ ቤቱ በር ላይ ተቀምጬ የሰው ማመልከቻ በታይፕ ስቀጠቅጥ ጆሮዬ አለቀ። በስልክ የሚሰማኝ የንብ ጩኸት ብቻ ነው። ደግሞም ስልክ የተናገርሽውን አያስቀምጥልሽም፤ ደብዳቤ ቀን አለው፣ ፊርማ አለው፣ ነገ ዳኛ ፊት ይቀመጣል። ስለዚህ ጻፊልኝ።

መቼ እንደተያዘ ሰዓቱን ጭምር፣ ማን እንደያዘው፣ ምን ተናግሮ ወይም ምን አድርጎ እንደተያዘ፣ ማን እንዳየ፣ ጤናው እንዴት እንደሆነ ጻፊልኝ። ፖሊስ የያዘውን ሰው በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ማቅረብ አለበት፤ የማይቆጠረው የመንገዱ ጊዜ ብቻ ነው። ይህን ለተማሪዎችሽ እንደምታስተምሪ አውቃለሁ። ሰው የራሱ ሲታሰርበት የሚያውቀውም ይጠፋዋልና ነው የምደግምልሽ።

ምግብ ማመላለሱን አታቋርጪ። የምሳ ዕቃው ባዶ ከተመለሰም፣ እንደተሞላ ከተመለሰም ጻፊልኝ። ጣቢያው ድረስ ብቻሽን አትሂጂ፣ ማንንም አትሳደቢ። አታልቅሺ ግን አልልሽም።

የክርስትና አባቱ እንዳላማው


ዋንዛ በር፣ ረቡዕ ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም.
ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል

ለማከብርዎ ለጋሼ እንዳላማው፣

ይኸው ቀኑንም ሰዓቱንም ጻፍኩ፣ ደስ ይበልዎ። ቁጣዎን ሳነብ ከአራት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ፤ ቀጥሎ ደግሞ አለቀስኩ። ተማሪዎቼ ምሳ ወጥተዋል፣ ባዶ ክፍል ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፈው። ለዘገየሁት ይቅርታ ያድርጉልኝ።

የተያዘው ቅዳሜ ኅዳር 6፣ ገበያው በሞቀበት ሰዓት፣ ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ላይ ነው። የያዘው ራሱ የጣቢያው አዛዥ፣ ኢንስፔክተር አምደሚካኤል ነው። መንገድ ዳር ያሉትን ቸርቻሪዎች ለማስነሣት ነበር የመጣው። ሁሉም ሲነሣ ወለተ ሰንበት፣ ያቺ በርበሬ የምትሸጠው ባሏ የሞተባት፣ «ኧረ ጌታዬ፣ በርበሬዬን ልሰብስብ» ብላ ቆየች። በጥፊ መታት። በርበሬውንም በጫማው በተነው። ሙሉሰው ባጃጁ ውስጥ ተሳፋሪ እየጠበቀ ነበር። ወረደና «ጌታዬ፣ ሴትዮዋን የሚመቷት በምን ሕግ ነው?» አለው። ስድብ አልጨመረም፣ እጁንም አላነሣም። «ሕጉን ጣቢያ አሳይሃለሁ» ብሎ አንገቱን ይዞ ወሰደው። ባጃጁንም ነዱት።

ማን አየ ላሉኝ፣ ገበያው ሁሉ አየ። ስጠይቃቸው ግን አንዱ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ያስራል፣ አንዱ አህያዋ ጠፋችብኝ ይላል። አልፈርድባቸውም፣ ነገም እዚያው ነው የሚነግዱት። ወለተ ሰንበት ብቻ «እኔ እናገራለሁ፤ ፊቴ ላይ የወረደውን እጅ አላየሁም ልበል?» አለችኝ።

የምሳ ዕቃው ቅዳሜ ማታ ባዶ ተመለሰ። እሁድ እንደሞላሁት መጣ፤ «ሙሉሰው የሚባል እስረኛ የለንም» አሉኝ። ሰኞም ትናንትም ያው ነው። ትናንት ኢንስፔክተሩ ራሱ ወጥቶ «ወንድምሽ መተማ ሰሊጥ አጨዳ ሄዶ ይሆናል፣ ወጣት አይደል?» አለኝ። ዐይኑን በጨው አጥቦ፣ ባጃጁን ከኋላው ግቢው ውስጥ አቁሞ!

ስለ ጤናው የምለው የለኝም። ሲወጣ እናያለን። እርስዎ ራስዎን ይጠብቁ፣ ብርዱ ከብዷል፣ ጋቢዎን ደርበው ይውጡ።

ልጅዎ ሰገነት


ደብረ ማርቆስ፣ ሐሙስ ኅዳር 11 ቀን 2012 ዓ.ም.
ከቀኑ አሥር ሰዓት

ልጄ ሰገነት፣

እንዲህ ነው የሚጻፈው! ደብዳቤሽን ሬጅስትራር ክፍል ላለችው ጸሐፊ አሳየኋት፣ «ጠበቃ ናት?» አለችኝ። አስተማሪ ናት ብዬ እንደገና ተኩራራሁ።

ዛሬ ጠዋት «አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ» አስገብቻለሁ። እንዳትደናገሪ፣ ይህ አቤቱታ ሙሉሰው ጥፋተኛ ነው አይደለም የሚል ክርክር አይደለም። «የያዛችሁትን ሰው እዚህ አቁሙት፣ የያዛችሁበትንም ምክንያት ንገሩኝ» የሚል የዳኛ ትእዛዝ መጠየቂያ ነው። ፖሊስ ከሰኞ ጠዋት አምስት ሰዓት ጀምሮ ጊዜው አልፎበታል። አንቺ የጻፍሽልኝ ሰዓት ባይኖር ይህን ማለት አልችልም ነበር።

ስንት ሺህ ማመልከቻ እንደጻፍኩ እግዚአብሔር ይወቀው። «አመልካች» ከሚለው ቃል ፊት ለፊት የራሴን ስም ስጽፍ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ። ለሰው ስጽፍ የማይሳሳተው ጣቴ ለራሴ ሲሆን ከዳኝ። በዕድሜዬ ስንቱን ሰው «ታገሥ፣ ፍርድ ቤት የራሱ ጊዜ አለው» እያልኩ እንዳሰናበትኩ ሳስበው አፈርኩ፤ ለካ የሚጠብቀው ሰው እንዲህ ነው የሚሆነው።

ዳኛዋ ወጣት ናቸው፣ አንብበው ወዲያው ፈረሙ። ሰኞ ኅዳር 15 ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ኢንስፔክተሩ ሙሉሰውን ይዞ እንዲቀርብ ታዟል። ትእዛዙ ዛሬውኑ ይደርሰዋል።

አንድ ነገር ግን ዘለልሽ። ስለ ጤናው «የምለው የለኝም» ብለሽ ቶሎ ወደ ጋቢዬ ሄድሽ። እኔ ሰው ሲደብቀኝ እያየሁ ነው የሸበትኩት። አልጫንሽም፤ ስትችይ ንገሪኝ።

እንዳላማው


ዋንዛ በር፣ እሁድ ኅዳር 14 ቀን 2012 ዓ.ም.
ከቅዳሴ በኋላ

ለጋሼ እንዳላማው፣

ይህን ደብዳቤ በሁለት ልብ ነው የምጽፈው፤ አንብበው እንዳያዝኑብኝ።

ዛሬ ሦስት ሽማግሌዎች ቤቴ መጡ። ከፊት ቄስ ኪዳነ ማርያም ናቸው። ትእዛዙ ለኢንስፔክተሩ ከደረሰው ወዲህ ልቡ ራርቷል አሉኝ። አንድ ወረቀት አሳዩኝ፣ ተጽፎ ያለቀ ነው። «ወንድሜ በሥራ ላይ ያለ የፖሊስ አዛዥ ስለ ሰደበ በስሙ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ በፍርድ ቤት የቀረበውንም አቤቱታ አመልካቹ እንዲተው አደርጋለሁ» ይላል። ከፈረምኩ ሙሉሰው ይገኛል አሉኝ።

«አልያዝነውም ያሉትን ሰው ከየት ነው የሚያገኙት?» አልኳቸው። ቄስ ኪዳነ ማርያም ግን ክፉ ሰው እንዳልሆኑ ያውቃሉ። «ልጄ፣ አንቺ ትክክል ነሽ። ግን ትክክል ሆኖ መቅበርም አለ። እኔ ብዙ ቀብሬአለሁ» አሉኝ። ይህ ቃል አንጀቴን በላው። እውነቱን ልንገርዎት፣ ልፈርም ብዕር አንሥቻለሁ። ጫፉ ወረቀቱን ነክቷል። ከዚያ «እስከ ማክሰኞ ላስብበት» ብዬ አስቀመጥኩት። ካልፈረምኩና አንድ ነገር ቢሆን በሰማይም በምድርም ራሴን ይቅር አልልም። ብፈርም ደግሞ ሰኞ ለተማሪዎቼ ምን ብዬ ነው የማስተምረው? ምን ላድርግ ጋሼ?

ምግቡን እንደቀጠልኩ ነው። ለሙሉሰው ነው ብላቸው አይቀበሉኝም። ዓርብ የኅዳር ሚካኤል ዕለት እንደለመዱት መለሱኝና ዕቃዬን ይዤ ስዞር ኮንስታብል ደመላሽ ጠራኝ፤ ያ እኛ ሰፈር የተከራየው፣ ሚስቱ አራስ የሆነችው። «መምህርት፣ ይዘሽው አትመለሺ። ጠያቂ የሌለው አንድ እስረኛ አለ፣ ኃይለ ሚካኤል የሚባል። ዛሬ ሚካኤል ነው፣ ለእሱ ስጪው» አለኝ። የሙሉሰውን ምግብ ለሌላ መስጠቱ ትንሽ ከበደኝ፤ ግን በበዓሉ ቀን ደጅ የቆመ ምግብ ይዤ መመለስም ከበደኝና ሰጠሁ። ትናንትም ዛሬም ሰጠሁት። ባዶውን ይመልስልኛል። ቢያንስ የአንድ የሰው ልጅ ሆድ ሞላ ብዬ እጽናናለሁ።

እርስዎ ግን ምን ይላሉ? ልፈርም?

ሰገነት


ደብረ ማርቆስ፣ ሰኞ ኅዳር 15 ቀን 2012 ዓ.ም.
ከጠዋቱ አምስት ሰዓት

ልጄ ሰገነት፣

ሰላምታውን ዛሬ እዘለዋለሁ፣ ይቅር በይኝ። ከችሎት መውጣቴ ነው፣ ደጃፉ ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ሆኜ ነው የምጽፍልሽ።

ኢንስፔክተሩ መጣ። ልብሱን አስተኩሶ፣ ብቻውን። ሙሉሰውን አላመጣም። ያመጣው ቁጥርና ማኅተም ያለው ደብዳቤ ነው፤ «በዚህ ስም በጣቢያችን የተያዘም ሆነ የተመዘገበ ግለሰብ የለም» ይላል። እኔ የሚባለውን አልሰማም፤ የሰዎቹን አፍ እያየሁ ነበር የምገምተው። ዳኛዋ ይህን ሲያዩ ጥያቄያቸውን በወረቀት ጽፈው በጸሐፊዋ እጅ ላኩልኝ፤ «እዚያ መያዙን የሚያሳይ ማስረጃ አለዎት?» ይላል። የምሳ ዕቃውን ነገር፣ የባጃጁን ነገር ነገርኳቸው። ባጃጁን «ባለቤቱ ጥሎት ሄዶ ለጥበቃ አስገባነው» አለ። ወለተ ሰንበት ሲወሰድ እንዳየች አነሣሁ። «ወዲያው ለቅቄዋለሁ» አለ። ለሁሉም መልስ አለው።

ዳኛዋ እስከ ሐሙስ ጊዜ ሰጡኝ። እስከዚያ ሌላ ነገር ካላቀረብኩ መዝገቡ ይዘጋል። ልጄ፣ ብዙ ሰው ተስፋ አድርጎብኝ ያውቃል፣ እንደ ዛሬ ግን እጄ ባዶ ሆኖ አያውቅም።

ያው ዕለት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት

ሰገነት! እንዳትፈርሚ!

ከላይ ያለውን ጽፌ ሳልልክ ታዲዮስ የእሁዱን ደብዳቤሽን አመጣልኝ። መናኸሪያው መሐል ቆሜ አነበብኩት። «ኃይለ ሚካኤል» የምትለው ላይ ስደርስ ጮህኩ መሰለኝ፣ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ታዲዮስ «ጋሼን ልባቸውን አመማቸው» ብሎ ውኃ ይዞ መጣ።

ልጄ፣ ኃይለ ሚካኤል ሙሉሰው ነው። በአርባ ቀኑ ከቄሱ እጅ ስቀበለው፣ ያኔ ጆሮ ነበረኝ፣ የተሰጠው ስም «ኃይለ ሚካኤል» ነው። እናትሽ ነፍሷን ይማረውና ጎረቤቷ ደብተራ ስለነበር ሟርት ትፈራ ነበር። «ነገ ለሚወለዱ እኅቶቹም ለሚስቱም እንዳይነገር፣ ስሙን የሚያውቅ እጁን ይጭንበታል» ብላ አስምላኛለች። አንቺ ያኔ አልተወለድሽም። እኔም እሷ ከሞተች በኋላ እንኳ ትንፍሽ አላልኩም። የመሐላ ነገር ሆኖብኝ ወንድምሽን ልገድለው ነበር።

ለምን በዚያ ስም እንደተመዘገበ አላውቅም። በጎጃም ደግሞ ኃይለ ሚካኤል የሞላ ነው፣ ሌላ ሰው ሊሆንም ይችላል። ዳኛ ፊት እርግጠኛ ሆኜ መናገር አለብኝ። በምን እንደምታጣሪ አንቺ ታውቂያለሽ፤ ለማንም ግን አትንገሪ፣ ለሽማግሌዎቹም ቢሆን። ነገ የእስረኞቹ መዝገብ እንዲቀርብና ኃይለ ሚካኤል የተባለው እስረኛ በአካል እንዲመጣ እጠይቃለሁ። ለዚያ እስረኛ ምግብ እንዳታቋርጪበት።

እንዳላማው


ዋንዛ በር፣ ማክሰኞ ኅዳር 16 ቀን 2012 ዓ.ም.
ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት

ለጋሼ እንዳላማው፣

እሱ ነው። እሱ ነው ጋሼ!

የዓርቡ ዕቃ ሲመለስ ባዶ ነው ብዬዎት ነበር፤ ክዳኑ ላይ ግን ሁለት ቃሪያ ነበር። በሽንኩርት የሰነግኩት ቃሪያ ነው፤ ሽንኩርቱን ጠርጎ በልቶ ቃሪያውን መልሶታል። እናታችን ሙሉሰውን በዚህ አመሉ ስንት ጊዜ ስትቆጣው እየሰማሁ አደግሁ! ዓርብ ዕለት ግን «ይህ ኃይለ ሚካኤል የሚሉትም እንደ ወንድሜ ያለ አመለኛ ነው» ብዬ አለፍኩት። ደብዳቤዎን እንዳነበብኩ ዛሬ አምስት ቃሪያ ሰንጌ ላክሁ። አምስቱም ባዶ ቆዳ ሆነው ተመለሱ። ጣቢያው በር ላይ ቆሜ እንደ እብድ ብቻዬን ሳቅሁ።

አሁን የደበቅሁዎትን ልንገርዎት። እሁድ ኅዳር 7 ቀን ደመላሽ በአጥሩ በኩል የሙሉሰውን ሸሚዝ ሰጥቶኛል። «አጥበሽ መልሺለት፣ ከእኔ እንዳገኘሽው ግን ለማንም እንዳትናገሪ፣ አራስ ቤት አለኝ» ብሎ ለመነኝ። የሸሚዙ አንገት በግራ በኩል ደም ነበር፣ ብዙ ደም። አላጠብኩትም። ሣጥን ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ለእርስዎ ያልጻፍኩት ለደመላሽ ቃል ስለገባሁ ነው፤ ደግሞም ልብዎን ፈራሁ። ሰኞ ዳኛዋ ማስረጃ አለዎት ሲሉዎት ሸሚዙ ሣጥኔ ውስጥ ነበር። ይህን ሳስብ መሬት ብትውጠኝ እወዳለሁ። እርስዎ በእናቴ መሐላ፣ እኔ በደመላሽ ቃል፣ ሁለታችንም አፋችንን ዘግተን ልጁን ልናስበላው ነበር።

ዛሬ ደመላሽን ከሥራ ሲወጣ ጠብቄ «ቃሌን መልስልኝ» አልኩት። ገባው። «በገዛ እግሬ ሄጄ አለቃዬን አልከስም። ፍርድ ቤት በስሜ ከጠራኝ ግን መሐላ ምዬ አልዋሽም» አለኝ። እባክዎ በስሙ ያስጠሩት። ሸሚዙን ታዲዮስ ያመጣልዎታል፣ እጅ በእጅ ይቀበሉት።

ሽማግሌዎቹ መጥተው ነበር። «አልፈርምም» አልኳቸው። ቄስ ኪዳነ ማርያም ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና «እግዚአብሔር ያውጣው» ብለው ወጡ። የተቀየሙኝ አልመሰለኝም።

ሰገነት


ደብረ ማርቆስ፣ ዓርብ ኅዳር 19 ቀን 2012 ዓ.ም.
ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት

ልጄ ሰገነት፣

እንኳን ደስ ያለሽ። ወንድምሽ እኔ አልጋ ላይ ተኝቷል፣ ያንኮራፋል ይላሉ ጎረቤቶች፤ እኔ አልሰማሁም።

ትናንት ታዲዮስ በቃል እንደነገረሽ አውቃለሁ፤ አንቺ ግን «ሁሉንም ይጻፉልኝ» ብለሻል። የሰማሁት ሳይሆን ያየሁትንና ጸሐፊዋ ከመዝገብ ገልብጣ የሰጠችኝን እጽፍልሻለሁ።

መዝገቡ ቀረበ። ኃይለ ሚካኤል፣ ቅዳሜ ኅዳር 6፣ አምስት ሰዓት ከአርባ፣ በደመላሽ እጅ ተጽፏል። እስረኛ ሲቆጠር ደግሞ ኢንስፔክተሩ በየጠዋቱ ከሥር ይፈርማል። አሥራ ሁለት ጠዋት ፈርሟል። አልያዝኩትም ያለውን ሰው አሥራ ሁለት ጊዜ መያዙን አረጋግጧል! ዳኛዋ ቅጠሉን ሲገልጡለት ፊቱን ብታዪው ኖሮ...። ለነገሩ አንቺ ባታዪው ይሻላል፣ ሆደ ቡቡ ነሽ።

ደመላሽ ተጠራ። እንዲህ አለ፤ «እንዳልመዘግበው ታዝዤ ነበር። መዝገብ ላይ የሌለ ሰው ቢሞት ማን ሞተ ይባላል? ብዬ ፈራሁ። ወለሉ ላይ ወድቆ ሳለ ስሙን ጠየቅሁት፣ የነገረኝን ጻፍኩ። አለቃዬ ‹ይሄ ደግሞ ማን ነው?› ሲለኝ ‹ጠያቂ የሌለው ነው› አልኩት፣ ፈረመ።» ይህን ሲል እጁን ሱሪው ላይ ያብስ ነበር፣ አልቦት።

ከዚያ ልጄን አስገቡት። ዳኛዋ «ስምህ ማን ነው?» ሲሉት «የትኛውን ልንገርዎት?» አለ። ችሎቱ ሲስቅ እኔም ሳቅሁ፣ ምን እንደተባለ ሳላውቅ። ያን ስም ለምን እንደሰጠ ጠየቁት። የመለሰውን እንዳለ ገልብጬልሻለሁ፦ «ጆሮዬን ከተመታሁ በኋላ የምሞት መሰለኝ። አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ስምህ ማን ነው ሲለኝ ቄስ መሰለኝ። ለፍትሐት የሚጠራውን ስም ነገርኩት።» ይህን ጸሐፊዋ ስትሰጠኝ አንብቤ ወደ ውጭ ወጣሁ። ሰው ፊት ማልቀስ አልወድም።

ኢንስፔክተሩ የመጨረሻ መልስ ነበረው፤ «ስሙን አሳስቶ ፖሊስን አታሏል» አለ። ዳኛዋም «በሙሉሰው ስም ባታመጡት፣ በኃይለ ሚካኤል ስም ለምን አላመጣችሁትም? አርባ ስምንቱ ሰዓት ለማንኛውም ስም ነው» አሉት። ይህን ዐረፍተ ነገር ወረቀት ላይ በትልቁ ጽፌ የታይፔ ክዳን ላይ ለጥፌዋለሁ።

እዚያው ተለቀቀ። ባጃጁም እንዲመለስ ታዟል። የሸሚዙና የድብደባው ነገር ለዐቃቤ ሕግ ተመርቷል። ይህ ረጅም መንገድ ነው፣ አላታልልሽም፤ ከዚህ በፊት የተመሩ ስንቶች የት እንደደረሱ አላውቅም። ግን መዝገብ ተከፍቷል፣ ቁጥር አለው፣ ቁጥሩን በቃሌ ይዤዋለሁ።

ሐኪም ቤት ወስጄዋለሁ። የግራ ጆሮው ታምቡር ተቀዷል፣ በጊዜ ይሽራል ብለውታል። እስከዚያ በዚህ ቤት ሁለት ደንቆሮ ተቀምጠን እንጯጯሃለን፤ ጎረቤት የተጣላን መስሎት ሊያስታርቀን መጥቶ ነበር። ይደነግጣል፣ በር ሲንኳኳ ይነሣል። ይህም ይሽራል ብዬ አምናለሁ። ነገ ቅዳሜ ነይ፣ ቃሪያ ግን አታምጪ፣ እኔ የተረፈ ቆዳ አልበላም።

የክርስትና አባታችሁ እንዳላማው


ዋንዛ በር፣ እሁድ ጥር 3 ቀን 2012 ዓ.ም.
ከቀኑ ስምንት ሰዓት

ለምንወድዎ ለጋሼ እንዳላማው፣

እንኳን ለልደቱ በሰላም አደረስዎ። በበዓሉ ስላልመጣን ተቀይመዋል አሉ፤ ይቅርታ ይደረግልን።

ሙሉሰው ምን ሆኖ ዘገየ ላሉኝ፣ ደህና ነው። ጆሮው እየሰማ ነው። ባጃጁንም ይነዳል፤ መጀመሪያ ሰሞን ጣቢያው በር ጋ ሲደርስ ዞሮ በወንዙ በኩል ይሄድ ነበር፣ ከገና ወዲህ ግን በቀጥታው መንገድ ነው። ወለተ ሰንበት ቃሏን ለዐቃቤ ሕግ ሰጥታ ስትመለስ ገበያው ሁሉ ቦታ ለቀቀላት። ያን ጊዜ ጫማቸውን ሲያስሩ የነበሩት ሁለቱ ከእሷ ቀጥለው ሄደው መሰከሩ። ደመላሽን ከመዝገብ ሥራ አንሥተው በር ላይ አቁመውት ነበር፤ አሁን ወደ ቦታው መልሰውታል። ሚስቱ ልጁን ክርስትና ስታስነሣ ጠርታን ሄደናል። ኢንስፔክተሩ ከሥራው ታግዶ ክስ ተመሥርቶበታል፤ ቀጠሮው ጥር 25 ነው።

አሁን ዋናውን ልንገርዎት። ዛሬ ከቅዳሴ መልስ ቄስ ኪዳነ ማርያምና ሽማግሌዎቹ መጡ። ከኋላቸው ኢንስፔክተር አምደሚካኤል ራሱ ነበር፣ የደንብ ልብስ የለው፣ ነጠላ አጣፍቶ። ትከሻው ላይ ድንጋይ ተሸክሟል። ደጃችን ላይ ተንበርክኮ ሙሉሰውን «ስለ ሚካኤል ብለህ» አለው። ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ። ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ደጅ ላይ ሲንበረከክ እምቢ እንደማይባል ያውቃሉ። ግን ይቅር ካልነው ምስክሮቹ ሁሉ ነገ «ታርቀዋል» ብለው እንደሚቀሩ፣ መዝገቡም እንደሚዘጋ አውቃለሁ። ወለተ ሰንበትም ከሰዉ መሐል ቆማ የሙሉሰውን አፍ ታያለች። ሁለት ወር ሙሉ የለፋንበት ነገር እዚያ ደጃፍ ላይ ሊያልቅ ነው ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ።

ሙሉሰው ወደ ኢንስፔክተሩ ሄዶ ድንጋዩን ከትከሻው አነሣለትና መሬት አስቀመጠው። እጁን ይዞ አስነሣው። ከዚያ ሁሉም እየሰማ እንዲህ አለ፦

«ጌታዬ፣ ኃይለ ሚካኤል ይቅር ብሎዎታል፣ ከልቡ ነው፤ እግዚአብሔርም ይቅር ይበልዎ። ሙሉሰው ግን ጥር 25 ቀን ፍርድ ቤት ይቀርባል። እርስዎም እንዳይቀሩ።»

ቄስ ኪዳነ ማርያም መስቀላቸውን አወጡ፣ ሁለቱንም አሳለሙ፣ «ይቅርታውም ይቅርታ ነው፣ ችሎቱም ችሎት ነው» አሉ። ኢንስፔክተሩ ቀና ብሎ ሙሉሰውን አየውና «እመጣለሁ» አለ።

ሰገነት